ተላኪው ማን ነው?

መጀመሪያ የያዙት ስልኬን ነበር፤ ከዚያ እኔን። ዲላ፣ ከተከራየሁበት ግቢ ደጃፍ ላይ፣ በምሳ ሰዓት። ሽሮዬን እሳት ላይ ትቼ መውጣቴ ትዝ ያለኝ መኪናው ውስጥ ነው። ድስቱ ሊያር ነው እያልኩ ስጨነቅ፣ መጨነቅ ያለብኝ ለሌላ ነገር መሆኑ ዘግይቶ ገባኝ።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የቡና መጋዘን ነበር። የሲሚንቶው ወለል የጀንፈል ቡና ሽታ አልለቀቀውም። በሩ ሲዘጋ ግድግዳውን ይዤ ተቀመጥኩ። ጥግ ላይ ጋቢ የደረቡ፣ ከደጋው ከቡሌ የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

ጥፋቴ ትምህርቴ ነበር። የመካከለኛው ዘመን የጣሊያን ሥነ ጽሑፍ በኢንተርኔት እማራለሁ። ዲላ ተቀምጠሽ ይሄ ምን ይሠራልሻል ያላለኝ ሰው የለም። አብራኝ የምትማረው ኢዲዶ፣ ገጠር ትምህርት ቤት የምታስተምር አንዲት ጓደኛዬ ብቻ ናት። ኔትወርክ በተገኘ ጊዜ በቃሌ የያዝኩትን ግጥም በድምፅ ቀድቼ እልክላታለሁ፤ እሷ አነጋገሬን ታርምልኛለች።

መርማሪው ከእነዚያ ቅጂዎች አንዱን ከስልኬ ከፈተ። የገዛ ድምፄ አስፈራኝ።

«ምን እያልሽ ነው?»

«ግጥም ነው፣ ጌታዬ። የጥንት።»

«ተርጉሚው።»

እነዚያ ገጣሚዎች አንድ ልማድ አላቸው። ግጥሙ ሊያልቅ ሲል ገጣሚው ወደ ራሱ ግጥም ዞር ይልና እንደ መልእክተኛ ይልከዋል፤ እገሌ ዘንድ ሂድ፣ እንዲህ በል ይለዋል። ከከተማው የተባረረ ሰው ከሆነ ደግሞ፣ እኔ መግባት አልችልምና አንተ ግባልኝ ይላል። እንዳለ ተረጎምኩት። ወደ ከተማዬ ሂድ፤ መንገድ ላይ ከጠላቶቼ ጋር አታውራ፤ ለሚገባቸው ብቻ ንገር።

መርማሪው የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ተላኪው ማን ነው?»

«ግጥሙ።»

«ግጥም በእግሩ ይሄዳል?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

«ተላኪው ይሄ ድምፅ የደረሰው ሰው ነው» አለኝ። «የዚያ ሰው ሲም ካርድ የወጣው በሞተ ሰው ስም ነው። አሁን ማን እንደያዘው ንገሪኝና ዛሬውኑ ቤትሽ ትገቢያለሽ። ሂጂ፣ አስቢበት።»

የሞተው ሰው የጓደኛዬ አባት ነው። እሷ በዚያ ሰሞን አራስ ነበረች። ይህን እያወቅኩ ስሟ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ፈርቼ ነበር።

ወደ ክፍሉ ስመለስ እናቲቱ ምን እንደፈለጉብኝ ጠየቁኝ። የግጥሙን ነገር ነገርኳቸው።

«አንተ ልጄ» አሉኝ፣ አንተና አንቺን በሚቀላቅለው አማርኛቸው፣ «ዘፈኑን ነው የሚልከው? ሰው አጥቶ?»

«አዎ እናቴ። እሱ መሄድ አይችልማ።»

እሳቸውን የያዟቸው ልጃቸው ስለጠፋ ነው፤ ያለበትን እስኪናገሩ ድረስ። በሩን በጎን አዩ።

«እኔ ብልክስ ይሄዳል?»

«ይሄዳል» አልኩ። ምን ልበል?

መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉና መጀመሪያ በጌዴኦኛ፣ ቀጥሎ እንዲገባኝ በአማርኛ ላኩት። «ሂድ። ልጄን ፈልግ። እናትህ ደህና ነው በለው። ቤት አትምጣ በለው። ብርድ ነው፣ ይደርብ።»

ኮሪደሩ ላይ የጫማ ድምፅ ተሰማ። የተጠራው የእኔ ስም ነበር።

«እሺ» አለ መርማሪው፣ «ተላኪው?»

እንደ እናቲቱ መዳፎቼን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ።

«ግጥሙ ነው፣ ጌታዬ። ሌላ ተላኪ የለም።»

ጮኸብኝ። ጠረጴዛውን መታ። ደጋግሞ ጠየቀኝ፤ ያንኑ መለስኩለት።

ስመለስ የእናቲቱ ቦታ ባዶ ነበር። ጋቢያቸው ተጣጥፎ እኔ ስቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ተቀምጧል። ይፈቱ፣ ሌላ ቦታ ይውሰዷቸው፣ የነገረኝ የለም። ጋቢውን ለብሼ እዚያ ሰነበትኩ። አንድ ቀን፣ ለምን እንዳሰሩኝ እንዳልነገሩኝ ሁሉ፣ ለምን እንደፈቱኝም ሳይነግሩኝ ውጪ አሉኝ።

ትምህርቱን ጨርሻለሁ። ጓደኛዬ ድምፅ ላኪልኝ ስትለኝ ኔትወርክ የለም እላታለሁ። ቡሌ ወጥቼ እናቲቱን ላፈላልግ እልና፣ መፈለጌ ራሱ ሌላ ጣጣ ያመጣባቸው ይሆን ብዬ እቀራለሁ። ስማቸውንም አላውቅም፤ እዚያ ስም አንጠያየቅም ነበር።

አንዳንድ ቀን ጋቢውን ደርቤ ከነዚያ ግጥሞች አንዱን ጮክ ብዬ በቃሌ እለዋለሁ። መጨረሻው ላይ ስደርስ የሳቸውን እቀጥልበታለሁ። ሂድ፣ ልጄን ፈልግ፤ ብርድ ነው፣ ይደርብ።

መጀመሪያ ግን በሩን እዘጋለሁ።