በሚካኤል ዕለት ያረፉ ቆፋሪዎች

ንፋስ መውጫ ውስጥ ቄስ ጌዲዮንን የማያውቅ ምእመን ጥቂት ነው። ሲቀድሱ ድምፃቸው የሚያሳርፍ፣ ሲመክሩ የማይቆጡ፣ ገና ሠላሳ ዓመት ያልደፈኑ ካህን ናቸው። ሰው የማያውቅላቸው ነገር ቢኖር በልጅነታቸው የጦር አዛዥ እንደነበሩ ነው። ታሪኩ የልጅነት ስለሆነ፣ ይቅር ይበሉንና እኛም አንቱታውን እንተወዋለን።

ነገሩ የተጀመረው በዘጠናዎቹ መጨረሻ፣ የጓደኛው የቻላቸው ወንድም ከመናኸሪያው ጀርባ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ሲከፍት ነው። ቤቱ ሁለት ኮምፒውተር ነበረው። ሥራ ሲቀዘቅዝ ወንድምየው ሁለቱን በሽቦ ያያይዝና ለልጆቹ ይለቅላቸዋል። ጨዋታው ሁለት ፀሐይ በሚወጣበት ሩቅ ዓለም ላይ ነው፤ ቆፋሪዎችህን ልከህ ሰማያዊ ድንጋይ ታስቆፍራለህ፣ በድንጋዩ ምሽግ ትሠራለህ፣ በራሪ ታንክ ታወጣለህ፣ ከዚያ ጓደኛህን ትደመስሳለህ። ቁፋሮ ያቆመ አለቀለት።

ሁለቱ ልጆች ምሳቸውን በወጉ ሳይበሉ እዚያ ይገኛሉ። ቻላቸው ምሕረት የሚባል አያውቅም፤ ሲያሸንፍ ጠረጴዛውን እየደበደበ ይስቃል፣ ሲሸነፍ ደግሞ እንደገና ካልጀመርን ብሎ ሙጭጭ ይላል። ጌዲዮን በሕይወቱ እንደዚያ የተደሰተበት ጊዜ የለም።

ታዲያ አንድ ቀን የወሩ ሚካኤል ዋለ። አባቱ መሪጌታ ወልደ ሰንበት በዓል የሚያስሽሩ ሰው አልነበሩም፤ በዚያ ቀን ሞፈርም ዶማም አይነሣም። ጌዲዮንም ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠና ቆፋሪዎቹን ሰብስቦ ምሽጉ ጥግ አቆማቸው። በሚካኤል ዕለት መሬት አላስቆፍርም አለ። መቆፈሩ በዓል ከሻረ መዋጋቱ እንዴት እንደተፈቀደለት እግዜር ይወቅ። ቻላቸው መጀመሪያ የሚቀልድ መሰለው፤ ኋላ ግን ታንኮቹን አሰልፎ መጣና ምሽጉን ከነቆፋሪዎቹ አመድ አደረገው። ሊያዩ የተሰበሰቡት ልጆች በሳቅ ፍርስ አሉ። ጌዲዮን ፊቱ በርበሬ መስሎ ወጣ።

በማግሥቱ ቻላቸው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀው፤ ጌዲዮን እንዳላየ ሆኖ አለፈ። በሌላው ሳምንት እንጫወት ብሎ መልእክት ቢልክለትም እምቢ አለ። ነገ እታረቀዋለሁ እያለ ኩርፊያውን ሲያስታምም፣ ወንድማማቾቹ ዕቃቸውን ጭነው ባሕር ዳር ገቡ። ኩርፊያ ምን ያህል ቂልነት እንደሆነ የገባው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ትዳሩ መጣ፣ ክህነቱ መጣ፤ እንደ ቻላቸው ያለ ጓደኛ ግን አልመጣም።

ዐሥር ዓመት ገደማ አልፎ፣ በአንድ የፋሲካ ሰሞን ቻላቸው ዘመድ ሊጠይቅ ንፋስ መውጫ ብቅ አለ። ባሕር ዳር ኮምፒውተር እየጠገነ ይኖራል። ጌዲዮን ወሬውን እንደሰማ ነጠላውን አጣፍቶ እየተጣደፈ ሄደ። አንገቱ ላይ ሊጠመጠም እጁን ሲዘረጋ ቻላቸው ጎንበስ ብሎ መስቀል ተሳለመ።

ስለ ጨዋታው ያነሣው ጌዲዮን ነው። ቻላቸው በሥራ ይዟቸው የሚዞር ሁለት ላፕቶፖች ነበሩት፤ ጨዋታውም ተገኘ። በሩን ዘግተው ጀመሩ። የጌዲዮን እጅ ደንዝዟል፤ የምሽጉ ግራ ጎን ወለል ብሎ ተከፍቶ ቀረ። የቻላቸው ታንኮች እዚያ ክፍት ቦታ ድረስ መጡ፣ ቆሙ፣ ከዚያ ዞረው ተመለሱ። ሌላ ጊዜም መጡ፤ አሁንም ተመለሱ። በመጨረሻ የጌዲዮን ጥቂት ወታደሮች አንድም ተኩስ ሳይገጥማቸው የቻላቸውን ምሽግ ያዙት።

«አባ፣ አሸነፉኝ እኮ» አለ ቻላቸው፣ እጆቹን አጣምሮ።

ጌዲዮን ትክ ብሎ አየው።

«ቻላቸው፣ በሞቴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ደምስሰኝ።»

«ኧረ አባ፣ ምን ሲደረግ» አለና ላፕቶፑን ቀስ አድርጎ ከደነው።