በግማሽ የተስማማንበት ጩኸት

ማክሰኞ ጠዋት ከሐረር የተነሣሁት እንደ ወትሮው ጨርቅ ልሸጥ አልነበረም። ታናሽ ወንድሜ ተስፋዬ ለውኃ ጉድጓድ ቆፋሪዎች የጭነት መኪና ይነዳል። ከጀልዴሳ ወዲያ በረሃ ላይ መኪናው ቆሞበታል። መኪናው ላይ የሬዲዮ መገናኛ ስላለ ድሬዳዋ ያለው ቢሯቸው መቆሙን ሰምቷል፤ የት እንደቆመ ግን አልለየም። መንገድ መሪው ሽማግሌው አው ዑመር አብሮት አለ።

አንድ ብር ከፍዬ በአውቶቡስ የደንገጎን ቁልቁለት ወረድኩ።

ሦስት ሰዓት፣ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር

በቢሯቸው ሬዲዮውን የያዘው ዘለቀ፣ ወታደር ቤት የተማረ ዝምተኛ ሰው ነው። በዚያው ሞገድ ላይ የጎረቤቱ የጭነት ቢሮ ጸሐፊ፣ አብዲ፣ ወደ ጂቡቲ የዕቃ ዝርዝር ያነባል። ጩኸቱ ግድግዳ ያፈርሳል።

«ይኼ እየጮኸ ወንድሜን እንዴት ትሰማዋለህ?»

«እሱ አያስቸግርም ጋሼ። ቃሉ ጥርት ያለ ነው። እሱን ለይቼ ከጆሮዬ ሳወጣው የሚተርፈው የተስፋዬ ነው። ባትሪው ደክሟል እንጂ። ትንሽ ይታገሡኝ።»

አልታገሥኩም። ሳልነግረው ወጥቼ አብዲ ዘንድ ሄድኩና ለጊዜው ዝም በልልኝ አልኩት።

«ወላሂ ዝም ብል መርከቡ ጥሎን ይሄዳል» አለ።

«እንግዲያው በግማሽ እንስማማ፤ የሬዲዮህን ኃይል ቀንስልኝ።»

«ሽማግሌ ለምኖኝ!» ብሎ ቀነሰው፤ ሳምቡሳም ጋበዘኝ። በላሁ። ጥሩ ገበያ እንደዋለ ሰው ዘና ብዬ ተመለስኩ።

ዘለቀ ማዳመጫውን አውልቆ ጠበቀኝ።

«ምን አደረጉ ጋሼ?»

«አስቀነስኩልህ።»

«አሁን እኩል ሆኑ። አንዱንም አልለይም። ወይ ጭራሽ ዝም ይበል፣ ወይ እንደ ድሮው ይጩህ።»

«ብልሃት አታጣለትም።»

«ሁለት እኩል ድምፅ ሲደራረብ የሚለይ ጆሮ የለም። ማሽኑን ቢለውጡት፣ እኔን ቢለውጡኝ ያው ነው።»

እየሮጥኩ ተመለስኩ። አብዲ ባቡር ጣቢያ ወርዷል። ዝርዝሩን በእሱ ፈንታ የሚያነበው ረዳቱ ነው፤ እሱም ያለ አለቃው ፈቃድ ኃይሉን አልነካም አለ። አብዲን ባቡሩ አጠገብ አግኝቼ ጩህልኝ ብዬ ለመንኩት።

«አቦ፣ ጤና የለህም እንዴ?» አለኝ፤ ግን መጣ።

በዚህ አንድ ሰዓት ሄደ። አብዲ እንደ ድሮው ሲጮህ፣ ዘለቀ ከሥሩ ጥቂት ቃል ለቀመ፤ ደረቁ ወንዝ፣ ሁለቱ ግራሮች። ከዚያ የተስፋዬ ባትሪ ሞተ።

ዘጠኝ ሰዓት፣ በረሃው

ዘለቀና እኔ ውኃ በጫነ መኪና ደረስንላቸው። ተስፋዬ ከመኪናው ጥላ ሥር ተቀምጦ የአው ዑመርን ራስ ጭኑ ላይ ይዟል። ውኃውን ወደ ሽማግሌው ከንፈር አስጠጋሁ።

«ተወው ወንድሜ» አለኝ ተስፋዬ። «የመጨረሻዋን ውኃ ለእኔ ሰጥቶኝ ነው። አሁን ነው ያረፈው፤ አንድ ሰዓት እንኳ አይሆነውም።»

ዘለቀ ለወንድሜ የምናገረውን የሚጠብቅ ይመስል ነበር። እኔ ግን አካፋ አነሣሁ፤ ሽማግሌውን እዚያው አፈር አለበስነው።

ሐሙስ፣ ሐረር

ተስፋዬን ቤቴ አስገባሁት። በእኔ ብልሃት ስለባከነችው ሰዓት ዛሬም አልነገርኩትም። ዕድሜዬን የኖርኩት መሃሉን እየቆረጥኩ ነው፤ ሻጭና ገዢ ሲካረሩ መሃሉ ለሁሉም ይበጃል ብዬ። ዛሬ ጠዋት ሱቄ ውስጥ ሁለት ሰዎች ተካረው «በል አስማማን» ሲሉኝ፣ ሜትሬን አስቀምጬ መጀመሪያ መሃሉ ማንን እንደሚጎዳ ጠየቅኳቸው።