የፉርጎው ዳገት

ፉርጎው ውስጥ አበባ ተክለውበታል። ቀይ ቀለም ቀብተውታል፣ የብረት ጎማዎቹን በሲሚንቶ አስረዋቸዋል፣ ከጎኑም የመናፈሻውን ስም የያዘ ትልቅ ሰሌዳ አቁመዋል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሁልጊዜ በባጃጅ አልፈዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሲያስተምር የዋለ ሰው ከባጃጅ ወርዶ አበባ የሚያይበት ጉልበት የለውም። ዓይኔ ግን ሳላዘው ወደዚያ ይሄዳል። እኔ ያንን ፉርጎ የማውቀው አባቴ ተቀምጦበት ነው።

ልጅ እያለሁ ከተማዋ እዚህ አልደረሰችም ነበር። አማን ለብቻው፣ ሚዛን ለብቻው ነበሩ። እኛ የምንኖረው ደግሞ ከሁለቱም ወጣ ብሎ፣ ከዳገቱ በታች ወንዙ ዳር፣ በቡና እርሻው ሠራተኞች ካምፕ ውስጥ ነበር። የቡና ማጠቢያው ታች ነው፣ የመኪናው መንገድ ደግሞ ከላይ ነው። በመካከል ያለውን ዳገት ጆንያ ተሸክሞ መውጣት ሰው የሚጨርስ ሥራ ስለሆነ፣ ከእኛ በፊት የነበሩ የእርሻው ሰዎች ሐዲድ ዘርግተውበት ነበር። ላይ አፋፉ ላይ ሞተር ያለው ዊንች ተተክሏል፤ ዊንቹ ወፍራም የብረት ገመድ ይጠቀልላል፣ ገመዱ ቡና የተጫነውን ፉርጎ ይስባል። እኛ ልጆች ጆሯችንን ሐዲዱ ላይ ለጥፈን የሞተሩን ማጉረምረም እናዳምጥ ነበር። ፉርጎው ሲያልፍ ናፍጣ፣ እርጥብ ጆንያና የበሰበሰ የቡና ገለፈት አንድ ላይ ይሸታል። አገሩ ዝናብ የማይጠግብ ስለሆነ ልብሳችን ሁሉ ያንን ሽታ እንደጠጣ ነበር የሚደርቀው፣ ከደረቀ።

አባቴ በላይ ይባላል፤ ከወሎ መጥቶ እርሻው ውስጥ የተቀጠረ ሰው ነው። እኔ ገና ሳልወለድ የጥላ ዛፍ ሲቆርጥ ግንድ ወደቀበትና ቀኝ እግሩ ከዳው። ሜዳ ላይ በምርኩዝ ይንቀሳቀሳል፣ ዳገት ግን አይሞክርም። ከእግሩ ይልቅ የሚያስጨንቀው ብቻውን መዋል ነበር፤ ሰው ካላየ የበላው አይረጋለትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከላይ፣ መንገዱ ዳር፣ ዋንዛው ሥር፣ ጓደኞቹ በቆርኪ ዳማ ይጫወታሉ። እሱም ከቡናው ጆንያ ጋር በፉርጎ ተጭኖ ይወጣል። ሰው መጫን ክልክል ነው። ሆኖም ታች ሐዲዱ ሁለቴ ሲመታ ዊንቹን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ነገሩ ይገባዋል፣ ዝም ብሎ ቀስ አድርጎ ይስባል። እናቴ "ለዳማ ብለህ ከጆንያ ጋር ትጫናለህ?" ስትለው "ጆንያ አያማኝም" ይላት ነበር።

አንድ ቅዳሜ፣ ክረምቱ በጠናበት ሰሞን፣ ፉርጎው አባቴን እንደያዘ የዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሞተሩ ሁለት ሦስቴ አስሎ ጸጥ አለ። ዝናቡ ይወርዳል፣ ላይ ያሉት ጓደኞቹ በጉም መሃል እያዩት ይጠብቃሉ፣ አባቴም ጆንያ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። በኋላ ሞተሩ በቀላሉ የማይነሳ መሆኑ ሲታወቅ፣ የካምፑ ሰዎች ቃሬዛ ይዘው ከታች ወጡና ጫኑት። እንዳይበሰብስ ብለው ከእግር እስከ ራሱ ሸራ አለበሱት። እሱም ፊቱን መሸፈኑን አልጠላም፤ በሰው ጫንቃ መወሰዱ አሳፍሮት ነበር።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። በእኛ ዳገት ቃሬዛ ወደ ላይ ከወጣ በሽተኛ ነው፣ አማን ሐኪም ቤት ይሄዳል። ወደ ታች ከወረደ ግን ሬሳ ነው፣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህን የማያውቅ ሰው በአካባቢው አልነበረም። የዳማ ጓደኞቹ የተሸፈነ ቃሬዛ በጉም ውስጥ ቁልቁል ሲወርድ ሲያዩ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። እየተላቀሱ ወደ እድሩ ጡሩምባ ነፊ፣ ወደ ጋሽ ደምሴ ሮጡ።

እናቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ጎደሬ ትልጣለች፣ እኔ ልጣጩን እሰበስባለሁ። ጡሩምባው ከአፋፉ ተነፋ። ቀጥሎም የጋሽ ደምሴ ድምፅ፣ "የካምፑ በላይ አርፈዋልና ለቀብር ውጡ!" እያለ ወረደ። እናቴ የያዘችውን ጎደሬ ከነቢላዋው ጥላ ተነሳች፤ ነጠላዋን እንኳ አላነሳችም። እኔ ከኋላዋ በጭቃው እየወደቅሁ ሮጥኩ። ያን ጊዜ ያለቀስኩትን የሚያህል ለቅሶ ከዚያ ወዲህ አልቅሼ አላውቅም። እውነተኛው ሞት ሲመጣ እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም።

ቃሬዛው ዘንድ ቀድማ የደረሰችው ጎረቤታችን እትዬ ማርታ ነበረች። እትዬ ማርታ የአገሩ ተወላጅ፣ ቤንች ናት፤ ሲከፋትም ሲደሰትም በቋንቋዋ ነው የምትጮኸው። ደረቷን እየመታች ሙሾውን በቤንችኛ ስታወርደው፣ ከሸራው ሥር የአባቴ ድምፅ መጣ።

"ኧረ ማን ሞቶ ነው?"

እትዬ ማርታ ለቅሶዋን ሳታቋርጥ "አንተ ነህ!" አለችው።

ተሸካሚዎቹ በሳቅ ሊጥሉት ምንም አልቀራቸውም። እናቴ ግን አልሳቀችም። ጭቃው ላይ ተቀምጣ ቀረች። እትዬ ማርታ ሴቱን ወንድ በሚያደርገው አማርኛዋ "አታልቅስ አልማዝ፣ ሰውየው አለ፣ ተነስ!" እያለች ብብቷ ሥር ገብታ አነሳቻት። እኔ የአባቴን እጅ ይዤ ቤት እስክንደርስ አልለቀቅሁም።

የተነፋ ጡሩምባ ደግሞ አይመለስም። ከአማንም፣ ከሚዛንም፣ ወሬው ማምሻውን የደረሳቸው ከሸኮ መንገድም ሰው እየጎረፈ ወረደ። ጋቢ ያጣፋ፣ ጃንጥላ የያዘ፣ ንፍሮ የተሸከመ። አባቴ ደጃፍ ላይ ወንበር አስወጥቶ ለራሱ ለቅሶ የመጣውን ሰው ራሱ ተቀበለ። "እግዜር ያጽናችሁ" የሚሉትን "ያጽናኝ" እያለ ይመልሳል። ዓመታት ያላያቸው ሰዎች፣ አብረውት መጋዝ የሳቡ፣ በአንድ መኪና ከወሎ የመጡ፣ ሁሉም ያን ቀን ዳገቱን ወርደው አቀፉት። ንፍሮውን መመለስ ነውር ነው ተባለና ቁጭ ብለው በሉት። ጋሽ ደምሴ ጡሩምባውን ጋቢው ውስጥ ደብቆ መጨረሻ ላይ ሲመጣ አባቴ "ደምሴ፣ በደንብ ነፍተሃል፤ ለሁለተኛው ግን ትንፋሽ አስቀር" አለው። ካምፑ በሳቅ ፈረሰ።

ሰዉ ሲበተን አባቴ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። "በቁሜ ዳግመኛ ቃሬዛ ላይ አልወጣም" አለ። የዛተውን የሚፈጽም ሰው ነበር። የዊንቹ መለዋወጫ ከአዲስ አበባ ይመጣል ተባለ። ክረምቱ ወጣ፣ ቡናው ቀላ፣ መለዋወጫው አልመጣም። በመጨረሻ ማጠቢያውን ወደ ሌላ ቦታ አዛወሩት፣ ፉርጎውም ጎማው ሥር ድንጋይ ተደርጎለት በቆመበት ቀረ።

በመጀመሪያ ጓደኞቹ እየወረዱ ይጠይቁት ነበር። እየዋለ ሲያድር ግን ያ ዳገት ዳገት ነው። ለመውረዱስ ይወረዳል፤ መመለሱ ነው። አንድ በአንድ ቀሩ። አባቴም አልፈረደባቸውም፣ ግን ከሳ። እናቴ ያቀረበችለትን ትንሽ ነክቶ ይመልሳል። የዳማ ቆርኪዎቹን ለእኔ ሰጠኝና "ተጫወቺባቸው" አለኝ። ልጅ ብሆንም ያ ስጦታ ደስ አላለኝም። እናቴ ማታ ማታ በሹክሹክታ "ይሄ ሰው ሊሞትብኝ ነው" እያለች ለእትዬ ማርታ ስታወራ እሰማ ነበር።

እትዬ ማርታ አንድ ቀን ሣር ስታጭድ ማጭዷ ከብረቱ ገመድ ጋር ተጋጨ። ዊንቹ ሲነቀል ተፈትቶ ከላይ እስከ ታች ሣር ውስጥ ተጋድሞ የቀረውን ገመድ ቆማ አየችው። "ይሄ ገመድ ፉርጎ ከሳበ፣ በላይን አይስብም?" ብላ መጣች። ማንም የተሻለ ሐሳብ አልነበረውም። ሰዉ ከሥራ ሲወጣ ደቦ ሆነ። ከሐዲዱ ጎን እንጨት ተከሉ፣ ገመዱን ከሣሩ አንስተው በሰው ወገብ ልክ ወጠሩት፣ እጅ እንዳይቆርጥ የጆንያ ቁራጭ ጠቀለሉበት፣ በሐዲዱ ብረቶች መካከል እርከን ቆፈሩ። የጴንጤዎቹ መዘምራን እየዘመሩ ቆፈሩ፣ የማርያም ማኅበርተኞች ጠላ አምጥተው አጠጡ። መዘምራኑ ጠላውን አልጠጡም፣ ማኅበርተኞቹም መዝሙሩን አልተቀበሉም፤ እርከኑ ግን አለቀ።

አባቴ ገመዱን በቀኝ እጁ፣ ምርኩዙን በግራው ይዞ ወጣ። ላቡ በጢሙ ላይ ይወርዳል፣ እናቴ ከኋላው እጇን ዘርግታ ትከተለዋለች፣ እሱ ደግሞ "አትንኪኝ" ይላታል። ፉርጎው ጋ ሲደርስ ጫፉ ላይ ተቀመጠና ቁልቁል ካምፑን፣ ሽቅብ መንገዱን አየ። ከዚያ ወደ ላይ ሊሞክር አልቻለም፣ ዕድሜውን ሙሉም አልቻለም። በማግስቱ ቅዳሜ ግን የዳማ ጓደኞቹ ከላይ ገመዱን ይዘው ወረዱ። አባቴም ቆርኪዎቹን ከእኔ መልሶ ወሰደ።

ከዚያ በኋላ ያ ቦታ የሁላችንም ሆነ። ከላይ የሚወርድ ግማሽ መንገድ ስለሆነ አይደክመውም፣ ከታች የሚወጣም እንዲሁ። ሴቶቹ ሙዝና የተቀቀለ ጎደሬ ይዘው ይቀመጣሉ። እኛ ልጆች በኮባ ቅጠል ተቀምጠን እርጥቡ ሣር ላይ እንንሸራተታለን። ሐዲዱ ላይ ልብስ እንዲደርቅ ይሰጣል፣ የተጣላ ፉርጎው ላይ ይታረቃል። መናፈሻ የሚል ቃል ማንም አልጠራም። አባቴ ሲሞት ጋሽ ደምሴ ጡሩምባውን ከመንፋቱ በፊት ራሱ ካምፕ ድረስ ወርዶ አየው፤ አይቶትም አላመነም፣ አጠገቡ ተቀምጦ ብዙ ቆየ።

አሁን ከተማዋ ካምፑን ውጣዋለች። ባለፈው ዓመት የቦታው ተወላጅ ናት ተብዬ ለስብሰባ ተጠራሁ። ትሑት የሆነ ወጣት መሐንዲስ የሚሠራውን መናፈሻ ሥዕል ግድግዳ ላይ አሳየን። ፉርጎው ከዳገቱ ወገብ ተነስቶ ከላይ መንገዱ ዳር ይቆማል፣ ሐዲዱ ተነቅሎ አምሮ የተነጠፈ ደረጃ ይሆናል፣ ዛፎች፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ መብራት ይኖራል። የዛገው ገመድም ለሰው እጅ አደገኛ ስለሆነ ይነሳል። አልተሳሳተም፣ ዝጎ ነበር። "እሺ፣ በምትኩ ሰው ምን ይዞ ይወጣል?" ብዬ ጠየቅሁ። መደገፊያው ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ እንደሚካተት ነገረኝ። እኔ ሁለተኛውን ምዕራፍ አውቀዋለሁ፤ የዊንቹ መለዋወጫ ካለበት አገር ነው የሚመጣው። ልከራከር ነበር፣ ግን ደክሞኝ ነበር፣ የማርመው የፈተና ወረቀትም ነበረኝ። እጄን አውርጄ ተቀመጥኩ።

መናፈሻው ሲከፈት ሄድኩ። ያምራል፣ ያማረውን አላማረም አልልም። ወጣቶች ፎቶ ይነሳሉ፣ ፍቅረኞች ወንበሮቹን ይዘዋል፣ ሙዚቃ አለ። በእኛ ጊዜ ይህን ቦታ ለመሥራት አንድ ሰው መክሳቱ በቂ ነበር፤ ዛሬ የሚሠሩት ለሁሉም ነው ይላሉ፣ ግን ለማን እንደሆነ ብጠይቃቸው ስሙን የሚነግረኝ የለም። ደረጃውን ቁልቁል ወረድኩት። እናቴ ዛሬም እዚያው ካምፑ ውስጥ ናት፣ ከእኔ ጋር ኑሪ ብላት እምቢ ብላለች። የበዓል ቀሚሷን ለብሳ ደረጃው ሥር ቆማ አገኘኋት።

የመጀመሪያው ደረጃ ላይ እግሯን አወጣች። ቀኝ እጇ በለመደችው ቦታ፣ በወገቧ ልክ፣ ወደ ጎን ተዘረጋ። የሚጨበጥ አላገኘም፣ ትንሽ አየር ላይ ቆይቶ ተመለሰ። እግሯንም አወረደችው። እኔ ክንዴን ዘረጋሁላት።

"ተይ፣ አንቺም ደክሞሻል" አለችኝ። ወደ ላይ አየች። "ሰው አለ ላይ?"

"ብዙ ሰው አለ፣ እማዬ።"

"የሚያውቀን?"

የወረድኩበትን ደረጃ ሽቅብ አየሁ። ከላይ እስከ ታች ስወርድ አንድም ሰው ሰላም አላልኩም ነበር።

"እንግዲያ ከዚህም ይታያል" አለችና ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

ለእኔም ቦታ ለቀቀችልኝ።