ገፊ የሌለው ጋሪ

ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና የተያዘው ቅዳሜ ገበያ ጨው ሊገዛ ወጥቶ ነው። እኔ ሽሮ ጥጄ ስጠብቀው አመሸሁ። በማግሥቱ ሰዎች ነግረውኝ ወደ ቀበሌው ስሮጥ፣ ከብዙ ልጆች ጋር በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ አገኘሁት። ጠጋ እንድል አልተፈቀደልኝም። ከሩቅ እጁን አነሳልኝ፤ እኔም አነሳሁለት። መኪናው ሲንቀሳቀስ አጠገቡ ወዳለው ልጅ ዞሮ አንድ ነገር ሲነግረው አየሁ። ምን እንዳለው ዛሬም አላውቅም።

ከአንኮበር ደብረ ብርሃን የመጣነው ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ነበር። አባታችን ከበረሳ ወንዝ በላይ ካለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቶልን በሶና ሽሮ በሰው ይልክልናል። ወንድሜ በሦስት ዓመት ይበልጠኝ ስለነበር ጋሼ እለው ነበር። ምግብ የምናበስለው በተራ ነው፤ እሱ የተራውን ሲያበስል ያሳርራል፤ እኔ ዝም ብዬ እበላለሁ።

የከተማው ልጆች ያን ጊዜ በኩሽኔታ ጋሪ አብደው ነበር። ኩሽኔታ የሚባለውን ክብ የብረት መሽከርከሪያ ከጋራዥ ለምነው፣ ከጣውላ ሥር አራት እግር አድርገው ይገጥሙና በአስፋልቱ ቁልቁለት ይለቁታል። ብረቱ አስፋልቱን ሲፍቀው ጩኸቱ ከወንዙ ማዶ ይሰማል። ወንድሜም አንድ ሠራ። የፊተኛውን እንጨት በገመድ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዞር አደረገው፤ ለፍሬን አሮጌ ጎማ ቆርጦ ነጂው በእጁ በሚጫነው ዱላ ጫፍ ላይ መታ። እኔ ቀላል ስለሆንኩ ነጂ፣ እሱ ጉልበት ስላለው ገፊ ሆንን። እሑድ ጠዋት መኪና ሳይበዛ ወጥተን እንለማመዳለን። የሚገፋኝ እያወራ ነበር። ቁልቁለቱ ከእጁ ሲነጥቀኝም ድምፁ ከኋላዬ ለጥቂት ጊዜ ይከተለኛል።

እሱ ከሄደ በኋላ ክፍሏ ሰፋችብኝ። ማታ ሰዓት እላፊ ስለነበር ሰው ቤት አይኬድም፤ ቢኬድም የምሄድበት ሰው አልነበረኝም። አንዳንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ አስተማሪው ስሜን ጠርቶ አቤት ካልኩት በስተቀር ቃል እንዳልወጣኝ ልብ እል ነበር። እሑድ ሲሆን ጋሪውን ተሸክሜ ወደ ቁልቁለቱ እሄዳለሁ። የሚገፋኝ ስለሌለ ተቀምጬ መሬቱን በእግሬ እየቀዘፍኩ እነሳለሁ። መጀመሪያ ላይ ጋሪዋ ቀስ ትላለች፤ ከዚያ ግን ይዛኝ ትሄዳለች፤ ነፋሱ ዓይኔን ያስለቅሰኛል። ሰው ቢያየኝ ከነፋሱ ነው ብዬ የምመልሰው ነገር ስለነበረኝ ደስ ይለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት የቀበሌያችን ወጣቶች ማኅበር ለበዓል የጋሪ ውድድር አዘጋጀ። ከጎረቤት ከተማ ከጫጫም ልጆች ይመጣሉ ተባለ። ልመዘገብ ስሄድ ካኪ የለበሰው ሊቀመንበር ገፊዬ ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። የለኝም አልኩት። ያለ ገፊ መወዳደር እንደማይቻል፣ ማምሻውን ሰው ይዤ ካልመጣሁ ምዝገባው እንደሚዘጋ ነገረኝ። አብረውኝ ከሚማሩት ልጆች አንድ ሁለቱን ጠየቅኩ። አብሮኝ የሚቀመጠው ልጅ ለአጎቱ ልጅ ቃል ገብቷል። ሌላው፣ የአንኮበር ልጅ ስለሆንኩ ገደል እንጂ አስፋልት እንደማላውቅ ነግሮኝ ሳቀ። በክፋት አልነበረም፤ ግን ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ለመጠየቅ አፌ አልታዘዝ አለኝ።

ቤት ገብቼ ተኛሁ። የቤቱ ባለቤት ባላቸው የሞቱባቸው፣ የበግ ጠጉር እየፈተሉ ለባና ሸማኔዎች የሚሸጡ ሴት ነበሩ። ልጃቸው ከወንድሜ አንድ ዓመት ቀድሞ ዘምቷል። እትዬ ከማለትና ኪራይ ከመስጠት ያለፈ ንግግር አልነበረንም። በዚያ ቀን ግን በቀን መተኛቴን አይተው በሩ ላይ ቆሙ።

«አሞሃል?» አሉኝ።

እንዳላመመኝ ነገርኳቸው። አልሄዱም። በሩን ተደግፈው ሲጠብቁኝ ነገሩን ሁሉ አወጣሁት፤ ስለ ውድድሩም፣ ስለ ገፊውም፣ ስለ ወንድሜም። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙኝ።

«እስከ የት ድረስ ነው የሚገፋው?»

«እስከ መስመሩ ነው እትዬ። ከዚያ ቁልቁለቱ ራሱ ይወስደኛል።»

«እንግዲያው እኔ እገፋሃለሁ» አሉና ነጠላቸውን ሊያመጡ ገቡ።

የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። ቀበሌው ስንደርስ ሊቀመንበሩም እንደኔው መሰለው። ይጎዳሉ፣ ይህ የወጣት ጨዋታ ነው አላቸው፤ በአክብሮት ነበር የተናገረው። እሳቸውም ገፊ ሰው መሆን አለበት ተባለ እንጂ ወጣት መሆን አለበት እንዳልተባለ፣ ከተጎዱም ቤታቸው ቅርብ እንደሆነ ነገሩት። ጥቂት አመነታና መዘገበን።

በውድድሩ ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጭ ነበር። በመንገዱ ግራና ቀኝ መፈክር የተጻፈበት ቀይ ጨርቅ ተወጥሯል፤ ሰው እስከ ድልድዩ ድረስ ተደርድሯል። የጫጫዎቹ ጋሪ አካሉ በሙሉ ከብረት የተበየደ ነበር። የኔ ገፊ ቀሚሳቸውን ከፍ አድርገው በመቀነታቸው አጥብቀው ሲመጡ ሕዝቡ ሳቀ። ፊቴ ጋለ። እሳቸው ግን ወደ ማንም ሳያዩ ከኋላዬ ጎንበስ አሉና ሁለት መዳፋቸውን ጀርባዬ ላይ አሳረፉ። ጠጉር ሲጎትት የኖረ እጅ ነበር፤ በሹራቤ በኩል እንኳ ጥንካሬው ይሰማኝ ነበር።

ፊሽካው ተነፋ። እንደዚያ ይገፋሉ ብዬ አላሰብኩም። ትንፋሻቸው ከጆሮዬ ሥር ነበር፤ እግራቸው አስፋልቱን ሲመታ እሰማለሁ። መስመሩ ጋ ስንደርስ የመጨረሻውን ኃይላቸውን ሰጥተው ለቀቁኝና አንድ ስም ጠሩ። የኔ ስም አልነበረም። የልጃቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሰማሁት የብረቱን ጩኸት ብቻ ነው። መታጠፊያው ላይ የጫጫዎቹ ጋሪ ጎኔን ሊነካኝ ደርሶ ወደ ቦዩ ዞረና ተገለበጠ። እኔ ገመዱን ወደ ግራ ስቤ፣ መዳፌ እስኪላጥ ይዤ አለፍኩ። ድልድዩ አጠገብ አንድ የከተማው ልጅ ቀደመኝ። ሁለተኛ ወጣሁ።

ፍሬኔን ይዤ ስቆም የሌሎቹ ገፊዎች ቁልቁለቱን እየሮጡ ወረዱ። ነጂዎቻቸውን አቅፈው ወደ ላይ አነሷቸው፤ የተገለበጠውን ልጅ እንኳ ገፊው ተሸክሞት ይስቅ ነበር። እኔ ጋሪዬ አጠገብ ቆሜ ወደ ላይ አየሁ። ከሕዝቡ መካከል ያን ነጠላ ለመለየት ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። አንድ የማላውቀው ሰው ጎበዝ ብሎኝ አለፈ። የማደርገው ስላጣሁ ጋሪውን ተሸክሜ ዳገቱን ወጣሁ። መነሻው ላይ አልነበሩም።

ቤት ስገባ በደጃፋቸው ተቀምጠው ጠጉር ይፈትላሉ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ደረስክ?» አሉኝ።

«ደረስኩ እትዬ። ሁለተኛ ወጣሁ።»

«እሰይ። እጅህን ታጠብና ና ብላ።»

ስለጠሩት ስም አላነሱም፤ እኔም አላነሳሁባቸውም። ያን ቀን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ከእሳቸው ትሪ በላሁ፤ ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ይጠሩኝ ጀመር። ብዙ አናወራም ነበር። ሬዲዮኑ ስለ ግንባር ሲናገር ሁለታችንም ማላመጥ እናቆማለን።

ሁለተኛ በመውጣቴ ማኅበሩ ወደ ጫጫ ላከኝ፤ ጉልበተኛ ገፊም ሰጠኝ። እዚያ አንደኛ ወጣሁ። ገፊዬ በደስታ ትከሻዬን ሲመታኝ ፈገግ አልኩለት፤ ነገር ግን በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቤቴ የራቀኝ ጊዜ የለም። ከዚያም እስከ አሥራ አንደኛ ክፍል ድረስ ስወዳደር ቆየሁ፤ በየሰፈሩ የሚያውቁኝ ልጆች በዙ። በየመንገዱ ሰላም ይሉኛል፤ እኔም እላለሁ፤ ከዚያ ወደ ክፍሌ እገባለሁ።

ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ወታደር በደሴ መንገድ በእግሩ ይመጣ ጀመር። ብዙው ጫማ የለውም። እኔና እትዬ በየቀኑ ከመንገዱ ዳር ቆመን ፊት እናያለን። ስለ ወንድሜ የምጠይቃቸው አንዳንዶች ክፍለ ጦሩን ስነግራቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ያልፋሉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ከሲታ ሰው ከሰልፉ ወጥቶ እትዬ ፊት ቆመ። ልጃቸው ነበር። እግሩ ሥር ሲወድቁ እኔ ዕቃውን ተቀበልኩት።

ወንድሜ አልመጣም። አባቴም ተስፋ ቆርጦ ክረምቱ ሲያልፍ ተዝካሩን አወጣለት።

በዚያው ሰሞን አንድ ነገር አስተዋልኩ። እትዬና ልጃቸው ሲጫወቱ ሳቃቸው በግድግዳው በኩል ይሰማኛል፤ የኔ በር ሲንቋቋ ግን ሁለቱም ዝም ይላሉ። እንጀራ ሲያቀርቡልኝ ልጃቸው ፈገግ ካለ በዓይናቸው ይገስጹታል፤ እሱም አጎንብሶ ይበላል። ያን ያህል ዘመን ጠብቀው ያገኙትን ደስታ በገዛ ቤታቸው ለኔ ሲሉ በሹክሹክታ ሲኖሩት ማየት አልቻልኩም። ትምህርት ቤቱ ይቀርበኛል ብዬ ምክንያት ሰጠኋቸውና ከከተማው ማዶ ሌላ ክፍል ተከራየሁ።