የእናቴ ፍሬም

ሳሎኔ ውስጥ ጎን ለጎን የተሰቀሉ ሁለት ፍሬሞች አሉ። በአንደኛው አባቴ ኮቱን ቆልፎ እንደተቆጣ ሰው አፍጥጧል። በሁለተኛው ያለው ግን እጅ ብቻ ነው፤ እስከ ክርኑ ማር የነካው የሴት እጅ። እንግዳ ሲመጣ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ይለኛል። «እናቴ ናት» እላለሁ። እንግዳው ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ሁሌ ማልቀስ አይቻልማ።

ልጅ እያለሁ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጠጅ ሲነሳ የእናቴ ስም አብሮ ይነሳ ነበር። ብርቄ ጠጁን ያልጣለችበት ሰርግ፣ ሙሽራዋ ብታምርም ይታማል። ቤታችን ዓመቱን ሙሉ ማር ማር ይሸታል። የደብተሬ ገጾች እየተጣበቁ መምህራችን «ከንብ ጋር ነው እንዴ የምታጠኚው?» ብለው ክፍሉን አስቀውብኛል። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ሲታጠን ሽታው ገና መንገድ ላይ ይቀበለኝ ነበር።

አባቴ ያረፈው እኔ ነፍስ ሳላውቅ ነው። እናቴ ከፎቶው አጠገብ ባዶ ፍሬም ሰቅላ ነበር፤ ለራሷ ፎቶ ብላ ከገበያ የገዛችው ነው። «ብቻውን ተሰቅሎ እስከ መቼ?» ትላለች። ግን ሥራው መች ይለቃታል? ፎቶ ቤት መሄዱ ዛሬ ነገ እየተባለ ዓመታት አለፉ። መታወቂያዋ ላይ የነበረው ጉርድ ፎቶ እንኳ፣ በጉያዋ ስትይዘው በላብ ታጥቦ ፊቷ ጠፍቶ ነበር። በየፋሲካው ባዶውን ፍሬም መወልወል ግን አትረሳም።

አንድ ጥቅምት፣ አዲስ ማር በገባበት ሰሞን፣ ከአዲስ አበባ አንድ ፎቶ አንሺ መጣ። ቀጭን፣ ዓይነ አፋር ሰው ነው። ጠጅ ሲጣል ከማሩ እስከ ብርሌው ማንሳት እፈልጋለሁ፣ ለኤግዚቢሽን የሚሆን የጥበብ ፎቶ ነው አለ። ነገር የማያመልጣት አክስቴ ይመኙሻል «የጋን ፎቶ ደግሞ የማን ግድግዳ ላይ ሊሰቀል ነው?» አለችው።

እናቴ ያልደረሰ ጠጅ ለባዕድ አታሳይም ነበር። ዓይን ይገባበታል ብላ ጋኑን በነጠላዋ ትሸፍናለች፤ ጎረቤት እንኳ በዚያ በኩል አያልፍም። ለዚያ ሰው ግን ከፈተችለት። «እኔንስ ታነሳኛለህ?» ብላ ስትጠይቀው «እንዴታ፣ እርስዎንም አነሳለሁ» ስላላት ነው።

በማግስቱ ሹሩባ ተሠርታ፣ ኩል ተኩላ፣ ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ ጠበቀችው። እሱም ራሱን እያከከ «እትዬ ብርቄ፣ የሥራ ልብስዎን ቢለብሱ? እንደ ሌላው ቀን ይሁኑልኝ» አላት።

«ውይ ልጄ፣ ሰው በቡትቶ ፎቶ ይነሳል?»

ቢሆንም ቀየረች። እጇን ከትታ ማሩን ከውኃው ጋር ስታሸው አነሳት። ሰፈፉ ሲንሳፈፍ፣ ጌሾው ሲገባ፣ አረፋው ጋኑ አፍ ላይ ሲንተከተክ አነሳ። እሷ ቀና ብላ ፈገግ ባለች ቁጥር ግን ካሜራውን ዝቅ ያደርጋል። «አይዩኝ እትዬ፣ እንደሌለሁ ይቁጠሩኝ።» ዞር ሲል በጆሮዬ «እንግዳ ቤቴ ገብቶ እንደሌለ ልቁጠረው? ምን ዓይነት ጉድ ነው?» አለችኝ።

ጠጁ እስኪደርስ ድረስ ሲመላለስ ከረመ። በመጨረሻው ቀን እናቴ ጥልፍ ቀሚሷን መልሳ ለበሰችና ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች፣ ባዶው ፍሬም ከበላይዋ። ሰውዬው ካሜራውን አየ፣ እሷን አየ። ከዚያ ካሜራውን ወደ ዓይኑ አንስቶ አንዴ ቀጭ አደረገው። «አምሮብዎታል» አላት። እንደዚያ ቀን ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

የአዲስ አበባ አውቶቡስ በመጣ ቁጥር ፎቶዋን ላመጣ መናኸሪያ ትልከኝ ጀመር። ክረምቱ ወጥቶ ፖስታ ደረሰን። ውስጡ አንድ ትልቅ ፎቶ ብቻ ነበር፦ እጇ፣ ማሩ፣ ከመስኮቱ የገባው ብርሃን። እናቴ ገልብጣ ጀርባውን አየችው። ፖስታውንም አራገፈችው። «ማሩ ያምራል» አለችና ሳጥን ውስጥ አኖረችው። «የኔ ሌላ ጊዜ ይመጣል።»

ፊልሙ አልቆበት ባዶውን ቀጭ አድርጎላት ይሁን ወይም ፎቶው ተበላሽቶበት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆንማ ይቀለኝ ነበር።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ እናቴ ታማ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። እኛ ዘንድ የሟች ፎቶ ሳይያዝ አይለቀስም። አክስቴ ሳጥኑን ገለባበጠች፣ መታወቂያውን አውጥታ አየችና መልሳ ከተተችው። በመጨረሻ ያንን የእጅ ፎቶ ባዶው ፍሬም ውስጥ አስገብታ ከፍ አድርጋ ይዛው ወደ ድንኳኑ ወጣች። ሰው ይስቅብናል ብዬ መሬት ልግባ አልኩ።

ማንም አልሳቀም። ከዚያ አንዲት አልቃሽ ተነሳች፦

ያበላኝ እጅሽ፣ ያጠጣኝ እጅሽ፣
ዛሬ ብቻውን መጣ፣ የት ቀረ ፊትሽ?

ድንኳኑ በለቅሶ ተናጋ። ፎቶው ውስጥ፣ የእናቴ አውራ ጣት ላይ የፈላ ውኃ የተወው ጠባሳ ነበር፤ ሁሉም ያውቀዋል። በእሷ ጠጅ የተዳሩ ሴቶች እየመጡ የፍሬሙን መስተዋት ሳሙት። እኔም ሳምኩት። መስተዋቱ ቀዝቃዛ ነበር፤ የእናቴ እጅ ቀዝቅዞ አያውቅም ነበር።

ዛሬ ስልኬ በፎቶ ተጨናንቋል። የልጄ ፊት፣ የልደት ኬክ፣ የጎረቤት ድመት፣ ምኑ ቅጡ። ልጄ «አያቴ ምን ትመስል ነበር?» ስትለኝ ጥርሰ ፍንጭት፣ ጠይም፣ ዓይነ ትልቅ እላታለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ፊቷ ከዓመት ዓመት እየራቀኝ ነው። አንዳንዴ ጭራሽ አልመጣ ይለኛል፤ ያኔ መናኸሪያ ቆሜ ስጠብቀው እንደቀረው ፎቶ።

ባለፈው በዓል ለወጉ ያህል ጠጅ ልጥል ማሩን ሳሸው፣ ልጄ ስልኳን ደገነችብኝ። «እማዬ፣ እንዳላየሽኝ ሁኚ፤ እጅሽ ብቻ ነው የሚያምረው» አለችኝ።

እጄን ከማሩ አወጣሁና ቀና ብዬ አየኋት።

«አይሆንም» አልኳት። «ፊቴን አንሺኝ።»