ለነርስ ቅጥር ሽማግሌ መላክ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የመጀመሪያውን ታካሚዬን አሳመምኳቸው። ሲገቡ ደህና ነበሩ።

ጤና ጣቢያው ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ደመወዜ እስከ ዛሬ ከዚያው ነው የሚመጣው። የነርሶች አስተባባሪዋ ሲስተር አልማዝ የግፊት መለኪያውን አስይዘው ወደ አንድ አዛውንት ገበሬ ላኩኝ። የመለኪያውን ጨርቅ ክንዳቸው ላይ ጠቀለልኩ፣ ስቴትስኮፑን ጆሮዬ ላይ ሰካሁ፣ ወሬ ጀመርኩ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጃቸው ሠርግ፣ ስለ በሬያቸው። በሬው መታመሙን ሲነግሩኝ የመለኪያው ቀስት ሽቅብ ነጎደ።

"ሲስተር! ግፊታቸው ጣራ ነካ!" ብዬ ጮህኩ።

ሲስተር አልማዝ መጡ። መጀመሪያ እኔን በእጃቸው ዝም አሰኙኝ። ከዚያ አዛውንቱን ደገፍ አድርገው አስቀመጡ፣ ክንዳቸውን ጠረጴዛ ላይ አሳረፉ፣ ምንም ሳይናገሩ ትንሽ ቆዩና ለኩ። የጎረምሳ ግፊት ነው።

"ይኼ ግፊት የሳቸው አይደለም፣ ያንተ ነው" አሉኝ። "በሽተኛ እያወራ አይለካም። ትምህርት ቤት አልነገሩህም?"

ነግረውኛል። ሲነግሩኝ እኔ እያወራሁ ነበር።

አዛውንቱም፣ "ልጄ፣ እኔስ ለወገቤ ነበር የመጣሁት። አንተ ስትጮህ ነው ልቤ የመታ" አሉ።

ታዲያ እንዴት ተቀጠርክ ካላችሁ፣ በዚያው ወሬዬ ነው። ኢንተርቪው ላይ "ሥራ ሲበዛብህ ምን ታደርጋለህ?" ሲሉኝ፣ "እስካሁን ሥራ ስላልነበረኝ ስትቀጥሩኝ አይቼ እነግራችኋለሁ" አልኳቸው። ሦስቱም ጠያቂዎች ሳቁ። አንደኛ ወጣሁ። አብሮኝ የተወዳደረው ልጅ የመድኃኒት መጠን ጥያቄውን በሙሉ መልሶ ነበር። ግን አላሳቀም።

ከዚያ ወዲህ የክትባት ሣጥን አዝዬ ገደል ወጥቻለሁ፣ ድሬሲንግ ክፍል ቁስል አጥቤያለሁ፣ ተኝተው የሚታከሙትን ስጠብቅ አድሬያለሁ። በመጨረሻ ሰዎች "ጋሽ ሞላ" ይሉኝ ጀመር። ይኼ የማዕረግ ዕድገት አይደለም፣ ሽበት ነው።

አሁን ያለው ኃላፊያችን አቶ ደሳለኝ ልጅ እግር ነው። አንድ ጊዜ ባሕር ዳር ሥልጠና ሄዶ የሰው ባሕርይ ተምሮ መጣ። ሁላችንንም ሰብስቦ፣ ሰው ሁሉ ሁለት ዓይነት ነው አለን። አንደኛው ሰው መሃል ሲሆን ጉልበት የሚያገኝ፣ ኤክስትሮቨርት። ሁለተኛው ብቻውን ሲሆን የሚሻለው፣ ኢንትሮቨርት። የግቢው ጥበቃ ብቻውን ውሎ ብቻውን ስለሚያድር ኢንትሮቨርት ተባለ። "እስኪ ሌላ ቦታ መድቡኝና ልየው" አለ ሰውየው። እኔን ለመመደብ ጥያቄም አላስፈለገም።

"ጎበዝ ነርስ ማለት ኤክስትሮቨርት ነው" ብሎ ደመደመ አቶ ደሳለኝ። እኔም አጨበጨብኩ። ለራሴ ነው ያጨበጨብኩት።

ብዙም ሳይቆይ አንድ የቋሚ ነርስ ቦታ ተፈቀደ። የቅጥር ኮሚቴው አቶ ደሳለኝ፣ ሲስተር አልማዝና እኔ ሆንን። የሚወዳደሩት ሁለቱ የኮንትራት ነርሶቻችን ናቸው፣ እንዳለና ፀዳለ።

እንዳለ የሰቆጣ ከተማ ልጅ ነው። ከበር ሲገባ ድምፁ ይቀድመዋል። ፀዳለ ደግሞ የሰሃላ ልጅ ናት። በአማርኛ ከጠየቋት በአንድ ቃል ትመልሳለች፣ ከተቻለም በአንገቷ። የአገሯን ቋንቋ ኽምጣኛ የሚያወሩ እናቶች ሲገቡላት ግን በሩን ዘግታ የምትስቀው ሳቅ ኮሪደር ድረስ ይሰማል። ይኼን ሥልጠናው ላይ አላነሱትም መሰለኝ።

የፀዳለ ኮንትራት በወሩ መጨረሻ ያልቃል። እህቷ ዓረብ አገር ናት፣ "ነይ" ብላ ፓስፖርት አስወጥታታለች። ፀዳለ ነርስነት ተምራ የሰው ቤት መጥረግ አልፈለገችም። ግን ሰሃላ ያሉት እናቷ የሚኖሩት በሷ ደመወዝ ነው። ቋሚ ከሆነች ትቀራለች፣ ካልሆነች ትሄዳለች። ይኼን ከኃላፊው እስከ ጥበቃው ሁላችንም እናውቃለን።

እንዳለ መጀመሪያ ገባ። "ጠንካራ ጎንህ ምንድን ነው?" አለው አቶ ደሳለኝ።

"አንደኛ፣ በራሴ እተማመናለሁ። ሁለተኛ፣ የመሪነት ችሎታ አለኝ። ሦስተኛ፣ ከማንም ሰው ጋር እግባባለሁ..." እያለ ቀጠለ። አቶ ደሳለኝ ራሱን እየነቀነቀ ሰማው። እኔም ወጣትነቴ ትዝ አለኝ።

ፀዳለ ገባች። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ጠንካራ ጎንሽስ?"

የጋውኗን ቁልፍ አስተካከለች።

"ንገሪና፣ ምን ምን ትችያለሽ?"

"እሱን የታከመ ይናገር።"

"የታከመ እዚህ የለም። አንቺ ተናገሪ።"

"ስለ ራሴ?" አለች ደንግጣ። "ነውር አይደለም እንዴ?"

አቶ ደሳለኝ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጫረ። አንገቴን ሰገግ አድርጌ አየሁት። "ኢንትሮቨርት" ይላል። ልጅቷን ዓረብ አገር ሲሸኛት ታየኝ።

በዕድሜ ስለምበልጠው እንደ ልቤ ነው የማናግረው። "አቶ ደሳለኝ፣ ሚስትህን ስታገባ ማንን ላክህ?" አልኩት።

"ሽማግሌ ነዋ። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?"

"ራስህ ሄደህ 'እኔ ታታሪ ነኝ፣ በራሴ እተማመናለሁ፣ ልጃችሁን ስጡኝ' ብትላቸውስ?"

"ጋሽ ሞላ ደግሞ! በውሻ ነዋ የሚያባርሩኝ።"

"እና ይቺን ልጅ አሁን ምን አድርጊ እያልናት ነው?"

ሲስተር አልማዝ ሳቃቸውን በሳል አስመሰሉት። ከዚያ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። ሁለቱ አንድ ላይ ይግቡ፣ አንዱ ስለ ሌላው ይናገር። አንዱ ለሌላው ሽማግሌ ይሁን። አቶ ደሳለኝ መመሪያውን አገላብጦ የሚከለክል ነገር አጣበት።

እንዳለ ጀመረ። "ፀዳለ ጥሩ ልጅ ናት። ዝምተኛ ናት። ዝምተኛ ስለሆነች በሽተኛውን አብዛኛውን የማናግረው እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ በባሕርዬ..."

"ስለ ፀዳለ ነው የጠየቅንህ" አሉት ሲስተር አልማዝ።

"አዎ፣ ስለሷ ነው። ከኔ ጋር ስትሠራ ደስ ይላታል።"

ተራው የፀዳለ ሆነ። "ስለ እሱ ከሆነማ እሺ" አለችና ቀና ብላ ተቀመጠች። ያን ያህል አማርኛ ከአፏ ሲወጣ ሰምተን አናውቅም።

"እንዳለ እጁ የተባረከ ነው። ተቅማጥ ያደረቀው ሕፃን ሲመጣ እንደሱ ደም ሥር የሚያገኝ የለም። እየዘፈነ ነው የሚወጋው። ልጁ ዘፈኑን ሲያዳምጥ እሱ ካኑላውን አስገብቶ ጨርሷል። መርፌውን አልጋው ላይ ይረሳዋል እንጂ። ችግር የለውም፣ እኔ አንስቼ መርፌ መጣያው ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ እከተዋለሁ። ቤተሰብ ሲያጽናናም እንደሱ የለም። ሲያጽናና ግሉኮሱ ያልቅበታል፣ እሱንም እኔ እቀይረዋለሁ። የመድኃኒት ሰዓትም ያልፈዋል። ግን ኩራት የለበትም፣ ስነግረው ወዲያው ተነስቶ ይሰጣል። ክፉ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ቢቀጠር ደስ ይለኛል።"

እንዳለ ጫማውን ያያል።

"እውነት ነው?" አለው አቶ ደሳለኝ።

"የመርፌው ነገር... አዎ።"

"ግሉኮሱስ?"

"እሱን እንኳ ከሌላ ክፍል መጥተው የሚቀይሩት ይመስለኝ ነበር" አለ።

ፀዳለ አንዴ እሱን አንዴ እኛን አየች። "ምን አጠፋሁ? አመሰገንኩት እኮ!"

አቶ ደሳለኝ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ልጅቷ ሆን ብላ ይሁን ወይ በየዋህነት ማወቅ የፈለገ ይመስለኛል። "እስኪ ስለ ጋሽ ሞላ ንገሪን" አላት።

"እሳቸው ኮሚቴ ናቸው። ይቅር።"

"ግድ የለም፣ ተናገሪ።"

"ጋሽ ሞላ በሽተኛ ያስቃሉ።"

ኮሌታዬን አስተካክዬ ተቀመጥኩ።

"የተሰፋውንም ያስቃሉ" አለች። "ስፌቱ ሲላላ እኔን ይጠሩኛል።"

ሲስተር አልማዝ በዚህ ጊዜ ሳሉም አላዋጣቸው። አንገታቸውን ደፍተው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እኔ ምን እላለሁ? ሽማግሌ ይናገር ያልኩት ራሴ ነኝ።

ልጆቹ ወጡ። አቶ ደሳለኝ ወረቀቱ ላይ የጻፈውን አሳየን። "ግን እኮ ኢንትሮቨርት ናት" አለ። "እንዴት አድርጌ ነው ከሱ የማስበልጣት?"

"ልጅህ ቢታመምብህ ከማን ጋር ታሳድረዋለህ?" አሉት ሲስተር አልማዝ።

"እንዳለ ካኑላውን ያስገባለታል፣ ከዚያ ፀዳለ ጋ..."

"ያለን አንድ ቦታ ነው።"

አቶ ደሳለኝ የጻፈውን ሰረዘና የፀዳለን ስም ጻፈ። ቅር እያለው ነው የጻፈው፤ የሦስት ቀን አበል የተከፈለበትን ሥልጠና አብሮ መሰረዙ ነበር።

ውጤቱ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ፀዳለ ቆማ አነበበችው። "ፓስፖርቱን ምን ልታደርጊው ነው?" አልኳት።

"ይቀመጥ፣ ለመታወቂያ ይሆናል" አለች። ከዚያ የመድኃኒት ጋሪዋን እየገፋች ቁስል ልታጥብ ሄደች። ለእናቷ ማታ ደወለችላቸው መሰለኝ። ለኔ አልነገረችኝም።

እንዳለም ሜዳ ላይ አልቀረም። ሰቆጣ አንድ ፕሮጀክት ላይ ኢንተርቪው ገብቶ ከኛ የተሻለ ደመወዝ ተቀጠረ። እዚያ የጠየቁት ስለ ራሱ ነው።

አቶ ደሳለኝ ዘዴውን ወደደውና በሚቀጥለው ቅጥር ደገመው። ተወዳዳሪዎቹ ግን ወሬው ቀድሟቸው ሻይ ቤት ተሰብስበው ተስማምተው መጡ። ሁሉም ሁሉንም አመሰገነ። መርፌ የረሳ አንድም ሰው ጠፋ።

ነርስ ለምትቀጥሩ ሰዎች ያለኝ ይኼ ነው። ሰውየውን ስለ ራሱ አትጠይቁት። አብሮት ስለሚሠራው ሰው ጠይቁት። ደግሞ ሳታስጠነቅቁት።