አማቴ ደግ የሆኑ ጊዜ

አማቴ ደግ የሆኑት ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በአንድ ዐቢይ ጾም ነው። እስከዚያ ድረስ ምላሳቸው ከጎንደር እስከ አዘዞ የታወቀ ሴት ነበሩ። ወጥ ቀጠነ ብለው ይሳደባሉ፣ ወፈረም ብለው ይሳደባሉ። የጎረቤት ዶሮ ግቢያችን ከገባች ባለቤቷን ከነዘር ማንዘሯ ያነሷታል። ልጃቸውን አግብቼ አብሬያቸው ስኖር ስድቡን ለምጄው ነበር፤ የማላውቀው ደግነታቸውን ነው። ስለዚህ አንድ ጠዋት «ልጄ፣ ደክሞሻልና ውኃውን ዛሬ እኔ ልቅዳ» ሲሉኝ እንስራውን አልሰጠኋቸውም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ደግሞ ከእናቴ ቤት ይዤው የወጣሁት ትልቁ ሀብቴ ይህ ተረት ነው።

መጀመሪያ ልጃቸው ሌላ ሚስት ሊያመጣብኝ ነው ብዬ ጠረጠርሁ። ቀጥሎ፣ ታመው ደብቀውናል አልሁ። ባሌ ጣሊያን በሠራው በረንዳ ሥር የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚውል ልብስ ሰፊ ነበር። ምሳውን ሳደርስለት ነገርሁት።

«ምነው እናቴን እንዲህ ትሰልያታለሽ?» አለኝ።

«ደግ ሁነዋል እኮ።»

«ታዲያ ይህ ክስ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ማታ ግን እሱም እናቱን በጎን በጎን ሲያይ አየሁት።

ነገሩ የተገለጠልኝ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ነው። ከዋልድባ መጣሁ የሚል ባሕታዊ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሞ ስምንተኛው ሺ ገባ እያለ ይናገር ነበር። እኔ ጆሮም አልሰጠሁት። ጣሊያን ሲገባ ስምንተኛው ሺ ነው ተባለ፣ ሲወጣም ተባለ። አማቴ ግን ይህን ባሕታዊ ለሦስተኛ ጊዜ መስማታቸው ኖሯል። «ጌታ ሲመጣ የራሱን መልክ ነው የሚፈልግ» ነበር የሚለው፤ «ፊታችሁን አይቶ እኔን ይመስላል ወይ ብሎ ይጠይቃል።»

መንገድ ላይ አማቴ ቆም አሉና «እኔን ቢያየኝ ማንን እመስላለሁ?» አሉኝ። መልሱን ሁለታችንም ስለምናውቀው እርምጃዬን አፈጠንሁ።

ከዚያ በኋላ የተጣሏቸውን ሁሉ እየዞሩ ታረቁ። አንዳንዱ በሩን ከፍቶ ተንኮል ፈርቶ መልሶ ዘጋው፤ አልፈርድበትም። በመጨረሻ አንዲት ሴት ብቻ ቀረች።

ይህች ሴት ከወለቃ የምትመጣ፣ ቤተ እስራኤል የሆነች ሸክላ ሠሪ ናት። እነሱ ቅዳሜን ስለሚያከብሩ ሐሙስ ሐሙስ ገበያ ይወጡ ነበር። እኔ ከማግባቴ በፊት፣ አማቴ የመጨረሻ ልጃቸውን አዝለው ማሰሮ ሊገዙ ወደ እሷ ሄዱ። ሴትየዋ ሕፃኑን አይታ «ሸጋ ልጅ» አለች። እኛ ማርያም ትጠብቀው እንላለን፤ እሷ አላለችም፣ ከየት ታመጣዋለች? ሕፃኑ በዚያው ሰሞን ሞተ። አማቴም እህል ተራው መሀል ቆመው «ልጄን የበላች ቡዳ ይህች ናት» አሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከዚያ ወዲህ ያገሬው ሰው ከእሷ ጀበና እንኳ መግዛት ተወ። የራሷ ባልንጀሮችም እንዳይተርፋቸው ፈርተው ርቀው ይቀመጣሉ። ሸክላዋን ተሸክማ ትመጣለች፣ ተሸክማ ትመለሳለች።

«እኔ እኮ አውቅ ነበር» አሉኝ አማቴ አንድ ቀን። «ልጁ ከገበያው በፊትም ትኩሳት ነበረበት። የታመመ ልጅ አዝለሽ ምን አወጣሽ እንዳይሉኝ ፈራሁና በእሷ አሳበብሁ።»

እኔ ቡዳ የለም የምል ሰው አልነበርሁም። ያን ቀን ግን ቡዳነቱንም ተጠራጠርሁ።

አማቴ በጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ የምእመኑን እግር ሲያጥቡ አይተው አንድ ሐሳብ ይዘው ተመለሱ። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሐሙስ ሳፋ እኔን አሸክመው፣ ማሰሮ ውኃ ራሳቸው ይዘው ገበያ ወረድን። ሴትየዋ እንደ ልማዷ ዳር ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። አማቴ ምንም ሳይናገሩ ተንበርክከው እጃቸውን ወደ እግሯ ዘረጉ።

«አይንኩኝ እሜቴ» ብላ ወደኋላ ስትሸሽ አንድ ድስት ተሰበረባት።

በእነሱ ሕግ ከወገናቸው ውጭ የሆነ ሰው ከነካቸው ወንዝ ወርደው መላ ገላቸውን ሳይታጠቡ፣ ፀሐይም ሳትጠልቅ ቤታቸው አይገቡም። ይህን ጎንደር ውስጥ የማያውቅ የለም፤ አማቴም ያውቃሉ። ትሕትናው ቸኩሎባቸው ረሱት።

«ደግሞ ዛሬ ውኃ ይዘው መጡብኝ? ምን ሊያደርጉኝ ነው?» አለች ሴትየዋ። ዐይኗ ከማሰሮው አልተነቀለም፤ ጠበል ሊረጩኝ ነው ብላ ሳትጠረጥር አልቀረችም።

«እግርሽን አጥቤ ይቅር በይኝ ልልሽ ነው።»

«ይህ ለእርስዎ ነፍስ ነው እሜቴ። ለእኔ ከሆነ፣ ያን ጊዜ በቆሙበት ቆመው ያሉትን ይመልሱልኝ። የልጆቼ ጉሮሮ የተዘጋው እዚያ ነው።»

አማቴ የቄስ ልጅ ናቸው። የታመመ ልጃቸውን ገበያ እንዳወጡና በሰው እንዳሳበቡ ለአገር መናገር ምን ማለት እንደሆነ ፊታቸው ላይ አየሁት። ይመለሳሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ወደ እህል ተራው ሄደው፣ ጤፍ ሻጮቹ መሀል ቆመው፣ ሁሉንም አንድ ሳያስቀሩ ተናገሩ።

ሻጩም ገዢውም ሥራውን ትቶ ዞረ። ከዚያ አንዲት ቅቤ ሻጭ «እዩማ፣ እሷው ናት የምታስለፈልፋቸው» አለች።

በእኛ ዘንድ ቡዳ የበላው ሰው ሲለፈልፍ፣ በአፉ የሚናገረው የበላው ቡዳ ነው ይባላል። ስለዚህ አማቴ እውነቱን በተናገሩ ቁጥር የሴትየዋ ጥፋት እየጸና ሄደ። አንዱ ጤና አዳም ቀጥፎ አፍንጫቸው ሥር ወተፈባቸው፤ ሌሎቹ ጠበል ይወሰዱ አሉ። አማቴ ደግነቱን ትተው በድሮው ምላሳቸው አንድ ባንድ ሰደቧቸው። ሕዝቡ ይህንንም ከቡዳው ቆጠረው። ሴትየዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየን ሸክላዋን ሰብስባ ሄደች።

በሚቀጥለው ሐሙስ አማቴ በርጩማ ይዘው ወጡ። ከሸክላው አጠገብ፣ ልብሳቸው እንዳይነካት ራቅ ብለው ተቀመጡ።

«በልታኝ ከሆነ እሞታለሁ። ካልሞትሁ ያያሉ» አሉኝ።

ሐሙስ ሐሙስ እዚያ ዋሉ። ሴትየዋ ብዙ ጊዜ አላናገረቻቸውም፤ ምን ፈልገው ነው እያለች በጎን ታያቸዋለች። እኔም እንደሷው ነበርሁ። ይህ ሁሉ ለሰማይ ቤት የሚከፈል እጅ መንሻ ነው እያልሁ እታዘባቸው ነበር። ክረምት ገብቶ ሲያስላቸው «ይኸው፣ እየጨረሰቻቸው ነው» ተባለ። መስቀል አልፎም አልሞቱም። ከደንቢያ የመጡ ገበሬዎች ጋን ገዙ፣ ቀጥሎ ያገሬው ሴቶች ቀስ በቀስ መጡ፣ ሴትየዋም ባዶ ጀርባዋን ወደ ቤቷ መመለስ ጀመረች። አንድ ቀን ለአማቴ «ጥላው ወዲህ ነው እሜቴ፣ ጠጋ ይበሉ» ስትላቸው ሰማሁ።

ወሬው ግን አልሞተም፤ ሰው ቀየረ። ያቺ ሴት ቡዳነቷን አጋባችባቸው ተባለ። ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ እናቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ጀመር። አማቴ ያያሉ፣ አይናገሩም። የድሮው አማቴ ቢሆኑ ነጠላውንም ባለነጠላውንም አይምሩም ነበር።

በዚያው ሰሞን የበኩር ልጄን ወለድሁ። አንድ ሐሙስ ወደ ማታ አማቴ ከገበያ ገቡ። ባሌ ሕፃኑን አቅፎ መደቡ ላይ ተቀምጧል። እናቱ ወደ ልጁ ሲያዩ የጋቢውን ጫፍ ሳብ አድርጎ ፊቱን ሸፈነው።

ልቆጣው አፌን ስከፍት አማቴ ቀደሙኝ።

«ሸፍነው ልጄ» አሉት በቀስታ። «ለልጅ መፍራትን እኔም አውቀዋለሁ።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀመጡ።

ስጠረጥራቸው የከረምሁትን ያህል ተንኮል ፈለግሁባቸው። ቂምም፣ ለታይታ የሆነ ነገርም አጣሁ። ተነሥቼ ሕፃኑን ከባሌ እጅ ወሰድሁና ጭናቸው ላይ አስቀመጥሁት። አቀፉት፤ ዐይናቸውን ግን ጨፈኑ።

«ዐይንዎን ይግለጡና ይዩት እንጂ» አልኋቸው።

«አባቱ ይውጣና አየዋለሁ፤ እሱ እያየ አላስፈራውም» አሉኝ።

ባሌ ከተቀመጠበት አልተነሣም። አማቴም ልጁ እንቅልፍ እስኪወስደው ድረስ፣ ዐይናቸውን ጨፍነው አቅፈውት ቆዩ።